በነጥብ መብረር ለአምቦ ተማሪ ይሆናል ወይ?



ባለፈው ዓመት ሚኒያፖሊስ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለዒድ አገር ቤት መጥቶ ነበርና አምቦ ድረስ ሊጠይቀኝ ወጣ። ከግቢው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አምስት ሆነን ተቀምጠን ሳለ የትኬት ዋጋ ወሬ ተነሣ። እሱም ቀለል አድርጎ፣ «እኔ እኮ የመጣሁት በነጥብ ነው። ከኪሴ የወጣው ታክሱና የኤርፖርት ክፍያው ብቻ ነው» አለ። ከመካከላችን አንዱ ቤተሰቦቹ ጅግጅጋ ያሉ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሁለት ዒድ በተከታታይ ዶርም ውስጥ ነው ያሳለፈው። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «እኛስ በዚህ መንገድ አንሄድም?» ሲል ጠየቀ።

የአክስቴ ልጅ «ካርድ አውጣ፣ በቃ!» ብሎ መለሰለት። መልሱ ለሚኒያፖሊስ ልክ ነው። ለአምቦ ግን አይሠራም፤ ለሚኒያፖሊስም ቢሆን ሙስሊም ሆኖ ለሚያወጣው ሰው መመርመር ያለበት ነገር አለው። ወንድማችን ከዚያ በኋላ የደረሰበትን ስላየሁ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ብናየው ይጠቅማል ብዬ ይህን ጻፍኩ። የእሱን ታሪክ የማወራው በፈቃዱ ነው።

ነጥቡ ከየት ይመጣል?

አምቦ ገበያ ሽንኩርት ወይም ጤፍ የገዛ ሰው ምርቃት ምን እንደሆነ ያውቃል። ነጋዴዋ መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ያ እፍኝ ከሰማይ አልወረደም፤ ደንበኛዋ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድባት ከትርፏ ላይ ቆንጥራ የሰጠችው ነው። የአየር መንገድ ማይልም ሲጀመር ይኸው ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 አድቫንቴጅ የሚባለውን ፕሮግራም ሲያወጣ ሐሳቡ ብዙ ለሚበር ሰው አንድ ጉዞ መመረቅ ነበር። ሌሎቹ አየር መንገዶችም ወዲያው ተከተሉት።

ነገሩ መልኩን የለወጠው በ1987 ያው አየር መንገድ ከሲቲባንክ ጋር ሆኖ ካርድ ሲያወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ማይል ለማግኘት መብረር ግዴታ መሆኑ ቀረ። ቤንዚን መቅዳት፣ አስቤዛ መሸመት፣ የስልክ ሒሳብ መክፈል በቂ ሆነ። አየር መንገዱ ማይሉን ለባንኩ ይሸጣል፤ ባንኩ ደግሞ ገዝቶ ለካርድ ተጠቃሚው ያድላል። ዛሬ ለትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ማይል መሸጥ ራሱን የቻለ ትልቅ ንግድ ነው።

ባንኩ ማይሉን የሚገዛበት ገንዘብ በዋናነት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከነጋዴው ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ሲገዛ ባለሱቁ እጅ የሚገባው 98 ዶላር ገደማ ነው። የቀረውን ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያሉ ድርጅቶችና የባለሱቁ ባንክ ይከፋፈሉታል፤ ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ወለድ ነው። በወሩ መጨረሻ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ያልከፈለ ሰው በቀሪው ላይ ወለድ ይታሰብበታል፤ በአሜሪካ ይህ ወለድ ባለፉት ዓመታት በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ደርሷል።

ባለሱቁ የተቀነሰበትን 2 ዶላር ዝም ብሎ አይውጠውም፤ ዋጋ ላይ ይጨምራል። ዋጋው ደግሞ በካርድ ለሚከፍለውም በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለውም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች ይህንን አስልተው፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገበያይ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚከፍል፣ በካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ጽፈዋል። ካርድ የሌለው በአብዛኛው ድኻው ስለሆነ፣ «ነጻ» የሚባለውን ጉዞ ከሚከፍሉት ሰዎች መካከል አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው አለበት ማለት ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «እኔ ብተወው ለእሱ አይመለስለትም» አለኝ። ይህም እውነት ነው።

አውሮፓውያን በ2015 ባወጡት ሕግ ካርዱን የሚሰጠው ባንክ ከነጋዴው የሚወስደውን በዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ፣ በክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ ላይ ገደቡት። በዚህ የተነሣ የአውሮፓ ካርዶች ምርቃት ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ነጋዴው ብዙ ካልተቀነሰበት ለተጠቃሚው የሚቆነጠር አይኖርም።

የአክስቴ ልጅ እንዴት አደረገው?

መንገዱ ብልሃት አለው። አዲስ ካርድ ሲወጣ ባንኩ የመቀበያ ነጥብ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው በ3 ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ላወጣ ሰው 60,000 ነጥብ ያህል ነው። እሱም የቤት ኪራዩንና የመኪናውን ኢንሹራንስ ሳይቀር በካርዱ ከፍሎ ሞላው። ሁለት ዓመት ካጠራቀመው ጋር አንድ ላይ አድርጎ ነጥቡን ወደ ዩናይትድ አየር መንገድ የማይል ሒሳብ አዛወረ። ዩናይትድና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለቱም የስታር አሊያንስ አባል ናቸው፤ የእኛው የገባው በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በዩናይትድ ማይል የኢትዮጵያን ወንበር መያዝ ይቻላል። ከአሜሪካ ሲነሣ የደህንነት ክፍያው 5.60 ዶላር ነው፤ ከቦሌ ሲመለስ ግን ታክሱ ከዚያ በጣም ይበልጣል። «በነጻ መጣሁ» የሚል ዘመድ ሲያጋጥማችሁ መልሱንም ጠይቁት።

ይህ የሚያዋጣው በየወሩ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ለሚከፍል ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ካርዱ ከወጪው 1 በመቶ ይመልሳል እንበል። 10,000 ያወጣ ሰው 100 ያገኛል። ያንኑ 10,000 ለአንድ ወር ብቻ ሳይከፍል ቢያሳድር፣ በዓመት 20 በመቶ ሲታሰብ የወሩ ወለድ 167 ገደማ ይሆናል። የአንድ ወር መዘግየት ምርቃቱን በልቶ ተጨማሪ ያስከፍላል። በዓመት 95 ዶላር የአባልነት ክፍያ የሚጠይቁ ካርዶችም ብዙ ናቸው።

ሪባው የቱ ጋ ነው?

ብዙ ወንድሞች ችግሩ ነጥቡ ይመስላቸዋል። የሪባ መሠረቱ አበዳሪው ካበደረው ላይ ጭማሪ ማግኘቱ ነው። እዚህ ላይ ግን ነጥቡን የሚሰጠው አበዳሪው ባንክ ነው፤ የሚቀበለው ተበዳሪው ነው። የሚያሳስበው ካርዱ ሲወጣ የሚፈረመው ውል ነው። ውሉ «ከዘገየሁ ወለድ እከፍላለሁ» ይላል። የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ሪያድ ላይ ባደረገው 12ኛ ጉባኤው፣ በቁጥር 108 ውሳኔው፣ የወለድ ቅድመ ሁኔታ ያለበትን ክሬዲት ካርድ ማውጣትም መጠቀምም እንደማይፈቀድ ወስኗል፤ ተጠቃሚው በጊዜው ለመክፈል ቢያስብም እንኳ። ይኸው ውሳኔ የወለድ ቅድመ ሁኔታ የሌለበትን ካርድ ይፈቅዳል። በምዕራብ አገሮች ካርድ ከሌለ ቤት መከራየት ሳይቀር ስለሚቸግር፣ በጊዜው ሙሉ በሙሉ ለሚከፍልና ለተቸገረ ሰው ላላ ያለ አስተያየት የሚሰጡ ዑለማም አሉ። ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ ይህን በአካባቢያቸው ያለ ዓሊም ይጠይቁ፤ እኔ ፈትዋ የመስጠት ደረጃ ላይ አይደለሁም።

ስለ ምርቃቱ ራሱ ደግሞ፣ ባሕሬን የሚገኘው የኢስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት (አዮፊ) ስለ ካርድ ባወጣው መመሪያ፣ ለካርድ ባለቤት በሆቴል፣ በአየር መንገድና በምግብ ቤት ቅናሽ መስጠትን ፈቅዷል፤ የተከለከለው ሐራም የሆነ ጥቅም መስጠት ነው። እዚህ ላይ አንድ ስስ ነገር አለ። ባንክ ያስቀመጥነው ተንቀሳቃሽ ሒሳብ በፊቅህ ዓይን ለባንኩ ያበደርነው ገንዘብ ተደርጎ ይታያል። ስለዚህ ባንኩ «ሒሳብ ስላለህ ብቻ» ብሎ የሚሰጠው ስጦታ አበዳሪን መጥቀም ይሆናል፤ በግዢ ላይ ከሚሰጥ ቅናሽ ይለያል። ከወለድ ነጻ አገልግሎት ተጠቃሚ ሆናችሁ «ይህን ያህል ላስቀመጠ ሽልማት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የባንኩን የሸሪዓ አማካሪዎች መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አምቦ ላይ ያለው

እኛ ኪስ ውስጥ ያለው ካርድ ዴቢት ነው፤ ከኤቲኤም የምናወጣው የራሳችንን ገንዘብ ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ተማሪ ክሬዲት ካርድ አያገኝም። ቢያገኝስ? አምቦም ሆነ ጉደር፣ ጊንጪም ሆነ ባኮ፣ ምግብ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ባጃጁ በጥሬ ገንዘብ ወይም በስልክ ዝውውር ነው የሚሠራው። ባለሱቁ 2 በመቶ የሚቆረጥበት ካርድ የለም፤ ስለዚህ ለነጥብ የሚሆን ገንዘብም የለም። ይሁን ብለን እንኳ አንድ ተማሪ በወር 3,000 ብር በካርድ አውጥቶ 1 በመቶ ቢመለስለት በዓመት የሚያገኘው 360 ብር ነው። ይህ የአውሮፕላን ጉዞ አይደለም።

በአንጻሩ ወደ ተማሪ ኪስ በፍጥነት እየገባ ያለው የስልክ ብድር ነው። ቴሌብር በግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ፣ በ2022 ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ብድርና ቁጠባ ጨመረ፤ «እንደኪሴ» የሚባለው፣ ሒሳብ ሲያንስ ክፍያውን የሚያሟላው አገልግሎት ከዚያ ነው። ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ ብድር አውጥተዋል። ትኬት ለመግዛት ትንሽ ሲጎድል እጅ ወደዚያ ይሄዳል። እዚህ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለውን ስም ሳይሆን አከፋፈሉን ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚያበቃ፣ ከሥራው ወጪ ጋር የሚመጣጠን ክፍያ ነው? ወይስ በብድሩ መጠንና በቀናቱ ልክ የሚያድግ? የሚያድገው ስሙ ምንም ቢሆን ወለድ ነው። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዷል፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ስለዚህ «አማራጭ የለም» የሚለው ምክንያት እንደ ድሮው አይሠራም።

ሼባ ማይልስ

ለእኛ በእርግጥ ክፍት የሆነው መንገድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ፕሮግራም፣ ሼባ ማይልስ ነው። ካርድ አይጠይቅም፣ ብድር የለበትም፣ መመዝገቢያውም ነጻ ነው። ትበራላችሁ፣ ማይል ይቆጠራል። የነጋዴዋ እፍኝ ማለት ይህ ነው። ደረጃዎቹ ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ናቸው፤ ሁሉም ሰው ከብሉ ይጀምራል።

ተስፋችሁን ግን ልክ ላይ አድርጉት። ማይል የሚቆጠረው በርቀትና በትኬቱ መደብ ነው። ከአዲስ አበባ ጅግጅጋ በአየር 300 ማይል አይሞላም፤ ርካሽ መደብ ላይ ደግሞ ከርቀቱ የተወሰነው ብቻ ሊቆጠር ይችላል። ነጻ ትኬት በሺዎች የሚቆጠር ማይል ይጠይቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ለዒድ ጅግጅጋ ወይም አሶሳ የሚበር ተማሪ ተመርቆ እስኪወጣ በዚያ ብቻ ትኬት አያወጣም፤ ማይሉም የሚያበቃበት ጊዜ አለው።

ታዲያ ለምን ትመዘገባላችሁ? ከተመረቃችሁ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ከእኛ መካከል ለማስተርስ ወደ ቱርክ፣ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ሳዑዲ የሚሄዱ በየዓመቱ አሉ። ትኬቱን ስኮላርሺፑ ቢከፍልም ማይሉ የሚቆጠረው ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አንድ መንገድ ብቻ ከ7,000 ማይል በላይ ነው። ጅዳ 900 ማይል ገደማ ነው፤ ወላጆቻችሁ ዑምራ ሲሄዱ ከመነሣታቸው በፊት አስመዝግቧቸው፤ የያዙት ትኬት ማይል የሚያስቆጥር መሆኑንም ከወኪሉ ጠይቁ። በቱርክ አየር መንገድ የበረ ሰውም የስታር አሊያንስ አባል ስለሆነ በሼባ ማይልስ ቁጥሩ ማስቆጠር ይችላል። ማይልን ሁለትና ሦስት ቦታ ከመበተን አንድ ቦታ ማጠራቀም ይሻላል። መሥሪያ ቤት ልኳችሁ ከሆነ ግን መሥሪያ ቤቱ ስለዚህ ያወጣው ደንብ እንዳለ ጠይቁ፤ አማና ነው።

አሁን ደግሞ በተለይ እኛን የሚመለከት ነገር። ስም! ማይል የሚቆጠረው ትኬቱ ላይ ያለው ስምና ሼባ ማይልስ ላይ ያለው ስም ሲገጥም ነው። መሐመድ የሚባል ወንድም የቀበሌ መታወቂያው ላይ በአንድ ‹ኤም›፣ ፋይዳው ላይ በሁለት ‹ኤም›፣ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ ‹ኦ› የነበረው በ‹ዩ› ተጽፎ ይገኛል። ዐብዱረሕማን አንድ ቦታ ተያይዞ፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍሎ ይጻፋል። ፋጡማና ፋጢማም እንዲሁ። አንዲት እህታችን ከካርቱም ስትመለስ የበረረችው ሳይቆጠር የቀረው በአንድ ‹ኤች› ምክንያት ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ፓስፖርት ካላችሁ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ተከተሉ፤ ትኬት ስትገዙም ቁጥራችሁን በዚያው ጊዜ አስገቡ። ማይሉ ሳይገባ ከቀረ ለመጠየቅ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ያስፈልጋል፤ ቤት እስክትደርሱና እስኪቆጠር ድረስ አትጣሉት።

ማይሉ ሲሞላም ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። በማይል የሚሰጡ ወንበሮች ጥቂት ናቸው፤ ዒድና የዓመት በዓል ሰሞን ደግሞ ቶሎ ያልቃሉ። ታክሱም በገንዘብ ይከፈላል። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የዓለም አቀፍ ትኬቱን ይዞ የአገር ውስጥ በረራ ሲገዛ ቅናሽ እንዳለው ንገሩት፤ ብዙዎቹ ሳያውቁ ሙሉ ይከፍላሉ። ቅናሹ ለራሱ ለተጓዡ እንጂ ለእናንተ አይደለም።

«ርካሽ ትኬት አለ»

ወንድማችን ከዚያ የሻይ ቤት ወሬ በኋላ በነጥብ የመሄዱን ሐሳብ አልተወውም። ቴሌግራም ላይ «በማይል የተያዘ ትኬት በግማሽ ዋጋ» የሚል ሰው አገኘ። ሰውየው ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን እንዲልክ ጠየቀው፣ የትኬት ቁጥር ላከለት፣ እሱም ቁጥሩን አስገብቶ ሲያይ ስሙ ወጣ። ገንዘቡን ላከ። ከሁለት ቀን በኋላ ከአምቦ በሌሊት ተነሥቶ አስኮ ደረሰ፣ ከዚያ ቦሌ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየችና «ይህ ትኬት ተሰርዟል» አለችው። ሰውየው ስልኩን አላነሣም፤ ማታ ላይ ደግሞ አካውንቱ ጠፋ። ወንድማችን ያን ዒድም ዶርም አሳለፈ። ለእናቱ «ፈተና ተራዘመ» አላቸው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የትኬት ቁጥሩ መታየቱ ብዙዎችን ያታልላል። አንደኛው መንገድ ትኬቱ የተገዛው ከሌላ ሰው በተሰረቀ ካርድ ወይም ከሌላ ሰው ሒሳብ በተወሰደ ማይል ሲሆን ነው። የካርዱ ባለቤት ሲያውቅ ያመለክታል፣ ትኬቱም ይሰረዛል። ሁለተኛው ሰውየው የራሱን ማይል ሲሸጥ ነው። አየር መንገዶች ማይልን ለሰው መሸጥ በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ሲደርሱበት ትኬቱን የመሰረዝ መብት አላቸው። ሦስተኛው ደግሞ ያልተከፈለበት ቦታ ማስያዣ ነው፤ ስም ይወጣል፣ ትኬት ግን የለም፣ ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይጠፋል። በሦስቱም የሚከስረው የመጨረሻው ገዢ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የመታወቂያችሁ ፎቶ በማታውቁት ሰው እጅ ይቀራል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ትኬቱ ባይሰረዝ እንኳ የተቀመጥንበት ወንበር የሰው ሐቅ ነው፤ ይህን ለማብራራት ዓሊም አያስፈልግም።

ትኬት ከአየር መንገዱ መተግበሪያ፣ ከቢሮው ወይም ቢሮ ካለው ወኪል ግዙ። በወኪል ከሆነ ደግሞ ማስያዣ ብቻ ሳይሆን የትኬት ቁጥር ያለው ደረሰኝ ተቀበሉ፤ 13 አሃዝ ነው፣ የኢትዮጵያ ሲሆን በ071 ይጀምራል። ቁጥሩ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ግን ከላይ አይታችኋል፤ ዋስትናው የሸጠላችሁን ሰው ነገም እዚያው ቢሮ ማግኘታችሁ ነው።

ያለ ነጥብ መቀነስ

አንድ አውሮፕላን ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ የከፈሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሹ መደብ የተወሰነ ወንበር ነው፤ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩ፣ ከዚያም ውዱ ይከፈታል። እኛ ደግሞ የፈተና ፕሮግራም ዘግይቶ ስለሚለጠፍ ሁልጊዜ ውዱ ላይ እንደርሳለን። ዒድ በጨረቃ የሚታይ መሆኑም ይጨምርበታል። ዒዱ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ሊሆን ከቻለ ለሰኞ የተገዛ ትኬት ከማክሰኞው ይረክሳል፤ በሁለቱም ቀን ደግሞ ያደርሳል። ስትገዙ የቀን መቀየሪያ ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ በጥቂት ብር የሚበልጠው ትኬት ለመቀየር በጣም ይረክሳል።

የመንገዱ ነገር ደግሞ አምቦን ከአዲስ አበባ የሚለየው ከ110 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ቢሆንም በበዓል ዋዜማ ከታሪፍ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። አምናና ካቻምና የጀመዓው ልጆች አንድ ላይ ሆነው አንድ ሚኒባስ ሲያነጋግሩ ሁለት ነገር አተረፉ፤ ዋጋው በታሪፍ ሆነ፣ በረራ ያለው ልጅም ከጊንጪና ከአዲስ ዓለም መቆሚያዎች ተርፎ በጊዜ ደረሰ።

ትልቁ ግን ዕቁቡ ነው። አያቶቻችን ካርድ ሳይኖራቸው የሠሩበት ነገር ነው፤ ወለድ የለውም፣ የገባው ያህል ይወጣል። ከዶርማችን 8 ልጆች በወር 600 ብር መጣል ጀምረናል፤ በየወሩ 4,800 ብር ይሆናል። ከተለመደው ዕቁብ የለየነው ዕጣ አለመጣሉ ላይ ነው። ተራው የሚወጣው በጉዞ ቀን ነው፤ ቤቱ ሩቅ የሆነና ትኬት ቀድሞ መግዛት ያለበት ልጅ ቀድሞ ይወስዳል። ጊንጪና ሆለታ ቤታቸው የሆነ ሁለት ልጆች መጨረሻ ላይ ለመውሰድ ፈቀዱ፤ አላህ ይስጣቸው። ችግሩ ቀድሞ የወሰደ ሰው ትምህርት ቢያቋርጥ ወይም ዩኒቨርሲቲ ቢቀይር ነው። ለዚህ እያንዳንዱ ዋስ ጠርቷል፤ ዋሱ ደግሞ ከዕቁቡ ውጭ የሆነ ሰው ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ነው፤ ገንዘቡ የሚገባው ከወለድ ነጻ ሒሳብ ሲሆን፣ ሲወጣ ሁለት ሰው ይፈርማል። ከተመረቅን በኋላ የሚተርፍ ወር እንዳይኖር ዙሩን በ8 ወር ዘግተነዋል።

የመጀመሪያውን ወር የወሰደው የጅግጅጋው ልጅ ነው። ትኬቱን ከ7 ሳምንት በፊት ገዛ፤ ከቢሮ፣ በራሱ ስም፣ በፓስፖርቱ አጻጻፍ። በዚህ ዒድ ሰኞ ጠዋት ይበራል፣ ኢንሻአላህ። ለእናቱ እስካሁን አልነገራቸውም።